ለአሳ የት እንሂድ? ሐዋሳ፣ ባቱ፣ ቢሾፍቱ፣ አርባ ምንጭ ወይስ ጣና

"ልጆቹን ይዤ አሳ ላሳያቸው ነው። ሐዋሳ ይሻላል ዝዋይ?" ብላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠየቀችኝ። "ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት ትችያለሽ? ወይስ እዚያው ታድሪያለሽ?" አልኳት። ጥያቄዬ ግራ አጋባት። ግን ቦታውን የሚመርጥላችሁ ከሁሉ በፊት ሰዓቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ አብዛኛው አሳ የሚያዘው በመረብ ነው። አጥማጁ መረቡን ማታ ይጥላል። መረቡ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያወጣዋል። ስለዚህ አሳው ዳር የሚደርሰው በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ጀልባ ላይ መቀመጥ ደስ አይልም።

እኔ መጀመሪያ ሐዋሳ፣ አሳው የሚወርድበት አሞራ ገደል የደረስኩት ረፋድ 5 ሰዓት አልፎ ነበር። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ያገኘሁት የታጠበ መሬትና መረባቸውን ዘርግተው የሚጠግኑ ሰዎች ነበር። አንድ አጥማጅ "ነገ 1 ሰዓት ላይ ና" አለኝ። አድሬ ሄድኩ። ያኔ ያየሁት ሌላ ቦታ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ፈልጋችሁ እንደምትሄዱ ነው። አሳ ለማየት፣ በራሳችሁ እጅ ለማጥመድ ወይስ ለመብላት? ሦስቱንም በአንድ ቀን እኩል የሚሰጥ ቦታ አላገኘሁም። ሐዋሳ ለማየት ነው። ቢሾፍቱ ለማጥመድ ነው። ባቱ በመሀል ነው። አርባ ምንጭና ጣና ጉዟቸው ረጅም ስለሆነ ሌላ ዕቅድ ይፈልጋሉ።

ሐዋሳ ወይስ ባቱ?

ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አሞራ ገደል ከሐዋሳ መሀል በባጃጅ ትንሽ መንገድ ነው። መጠነኛ የመግቢያ ክፍያ አለው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የእንጨት ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። መረቡ ከነአሳው ተጠቅልሎ ይወርዳል። ከዚያ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው አሳውን ከመረቡ ያላቅቃሉ። ብዙው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። አልፎ አልፎ ባለጺሙ አምባዛ ይወጣል። አምባዛ ከውሃ ውጭም አየር መሳብ ስለሚችል ሌላው ጸጥ ካለ በኋላ እሱ ገና ይንቀሳቀሳል። ልጆች ደንግጠው ይጮሃሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይጠጋሉ።

ከጎን ደግሞ አሳ የሚገፍፉት ልጆች አሉ። አንዱን ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ቢላውን ድንጋይ ላይ ሁለቴ ሳል ያደርገዋል። አሳውን ከጭንቅላቱ ኋላ ይይዝና ቢላውን በአጥንቱ ላይ አስተኝቶ እስከ ጭራው ይስበዋል። ይገለብጠዋል። ሌላውን ጎን ይደግማል። ሁለቱን ሥጋ ከቆዳው ይለያል። ለአንድ አሳ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። አባ ኮዳዎቹ የሚጠብቁት ያንን ነው። ወገብ የሚደርስ ቁመት ያላቸው፣ ራሰ በራ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ ትልልቅ አሞራዎች ናቸው። ሰው አይፈሩም። ትንሽ ልጅ ከያዛችሁ እጁን ያዙ። ምንቃራቸው ትልቅ ነው፣ ልጅ በእጁ የያዘውን ምግብ ይነጥቃሉ።

ባቱ (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ እንላለን) ሌላ ጠባይ አለው። ሐይቁ ከሐዋሳ በጣም ይሰፋል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የዝዋይ ከ400 በላይ ነው። ግን ጥልቀት የለውም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ዳር ዳሩ ደንገልና ሸምበቆ ነው። ስለዚህ ወፉ ብዙ ነው። ጀልባ መነሻው ላይ ፔሊካንና አባ ኮዳ ተቀላቅለው ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞጆ–ባቱ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በጠዋት ተነስቶ ለቁርስ መድረስ ይቻላል። ማደር ለማይችል ሰው ባቱ ሐዋሳን የሚበልጠው በዚህ ነው። በእኔ ግምት ይሄ አንድ ነገር ብቻውን ለብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን ይቋጨዋል።

የባቱ ሌላው ሀብት ደሴቶቹ ናቸው። አምስት ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የማርያም ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ቆይታለች የሚል ትውፊት አለ። ደሴቶቹ ላይ የዘይ ሕዝብ ይኖራል። የራሱ ቋንቋ አለው፣ ከአሳ ጋር የኖረ ሕዝብ ነው። አሳ ማየትን ከታሪክ ጋር ማጣመር ለሚፈልግ ሐዋሳ ይህን አይሰጥም። ግን ቱሉ ጉዶ ደርሶ መልስ ቀኑን ይወስዳል። ጠዋት ወጥታችሁ ነፋሱ ሳይነሳ መመለስ አለባችሁ። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ፣ ደርሶ መልስ መሆኑን አስረግጣችሁ ተስማሙ። እኔ አንድ ጊዜ "ኋላ እንነጋገራለን" ያለኝን ባለጀልባ አምኜ ተሳፍሬ፣ ደሴቱ ላይ ሆኜ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ሕይወት አድን ጃኬት ከሌለም አትሳፈሩ። ዋናተኛ ብትሆኑም ያው ነው።

ለመብላትስ? ሐዋሳ ስትቀመጡ የሚቀርብላችሁ ብዙ ጊዜ ቆሮሶ ነው። ባቱ ላይ ግን ካርፕና አምባዛ በርክተዋል። ካርፕ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ አሳ ነው። ሥጋው ጥሩ ነው፣ ችግሩ በሥጋው መሀል የተሰገሰገ ብዙ ቀጭን እሾህ አለው። ቢልጫ የሚባለው አሳም እንደዚያው ነው። ትንሽ ልጅ ካለ "ምን አሳ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቆሮሶ ከሆነ ሙሉ ጥብሱን እዘዙ። ጎኑን እየሰነጣጠቁ የሚጠብሱት ያ ዓይነት፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ካርፕ ወይም ቢልጫ ከሆነ ዱለት ይሻላል፣ እሾሁ ስለሚከተፍ። አምባዛ እሾሁ ትንሽ ነው፣ ለጉላሽ የሚሆን ወፍራም ሥጋ አለው። ቅርፊት ስለሌለው ግን "ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ" የሚለውን ቃል ይዘው የማይበሉት ብዙዎች ናቸው። እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

በጾም ወራት፣ በተለይ በሁዳዴ፣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት አሳው ቶሎ ያልቃል። አርፍዶ የመጣ ትናንት የተያዘ ሊበላ ይችላል። ዓይኑን እዩ፣ የጠራና ጉብ ያለ መሆን አለበት። ከጉንጩ ስር ያለውን መተንፈሻ ገለጥ አድርጉት፣ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ ካልሞላ ተዉት።

ስለ ጥሬ አሳም ልናገር። አሞራ ገደል ላይ ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ብዙ ሰዎች ታያላችሁ። ይጣፍጣል፣ እኔም በልቼ አውቃለሁ። አሁን አልበላም፣ ለልጅም አልሰጥም። የስምጥ ሸለቆ አሳዎች ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ጥገኛ ትል በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሎሚና ዳጣ አይገድለውም። በደንብ መብሰል ይገድለዋል። እዚያው ትኩስ የአሳ ሾርባ አለ። ለጠዋት ብርድ ከሱ የሚሻል የለም።

መንጠቆ መያዝ ለሚፈልግ

"ማጥመድ እፈልጋለሁ" ለሚል ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራ፣ ኩሪፍቱና የቢሾፍቱ ሐይቅ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ኩሪፍቱ ሰው የሠራው ሲሆን ሌሎቹ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳሩን ከያዙት ሎጆችና መዝናኛዎች በአንዱ ገብታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ቡና አዝዛችሁ መንጠቆ መጣል ትችላላችሁ። መረብና ጀልባ አያስፈልግም። እንደሐዋሳም ጎህ ላይ መድረስ ግድ አይደለም። አመሻሽም ያዋጣል።

ባለፈው ዓመት የ9 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ዘንግ አልነበረንም። አንድ የሠፈሩ ልጅ አሳየን። ናይለን ክሩን ባዶ ሃይላንድ ላይ ይጠቀልለዋል። ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ ያስራል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ለክብደት ትንሽ ብሎን፣ ከዚያ በላይ ቡሽ። ትሉን ከእርጥብ አፈር ቆፍሮ በቆርቆሮ ይዟል። እኛ ያመጣነው መንጠቆ ትልቅ ነበር። "ይሄ ለአምባዛ ነው፣ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ናት" አለን። ልክ ነበር። በሱ መንጠቆ ቀይረን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቡሹ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የእህቴ ልጅ ወዲያው ጎተተች፣ ትሉ ተበልቶ ባዶ መንጠቆ ወጣ። ልጁ እጇን ያዘና "መንቀጥቀጡን ተይው። ቡሹ ሲሰምጥ ነው" አላት። ሦስተኛው ላይ ቡሹ ጥልቅ ሲል ሳበች። የእጅ መዳፍ የምታክል ቆሮሶ ነበረች።

አያያዙም ዘዴ አለው። ቆሮሶ ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ሹል እሾሆች አሉት። በእርጥብ እጅ ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው እያስተኛችሁ ያዙት። ከጭራው ከጀመራችሁ ይወጋል። ትንሿን መልሰን ለቀቅናት። እናት ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መንጠቆ ላይ ስትወጣ ሁሉንም ትተፋቸዋለች። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት የሚቀጥለውን አሳ አፉን ከፍታ ሳታይ አልለቅ አለች።

ውሃው ጥርት ባለበት ዳር ደግሞ ቁልቁል እዩ። አሸዋው ላይ ሳህን የሚያክሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ ወንዱ ቆሮሶ የሠራው ጎጆ ነው። ከላዩ ሆኖ ሲጠብቅና ሌላውን ሲያባርር ታዩታላችሁ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ የአሳ ትርኢት የለም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

የቢሾፍቱ ጉድለት አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ሁለት እርምጃ ገብቶ ገደል ሊሆን ይችላል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 80 ሜትርን ያልፋል። ልጅ ከያዛችሁ አንድ አዋቂ አሳውን ሳይሆን ልጁን ብቻ ይመልከት።

ከቢሾፍቱ ቀጥሎ ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ አሳውን ማየት አይቻልም፣ ለማየት የሄደ ያዝናል። ግን ዳሩ አሸዋ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎም ይታወቃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዝዋይና ጣና ላይ ሣርና ሸምበቆ ባለበት ዳር እግር ነክሮ መቆም ቢልሃርዚያን ሊያመጣ ይችላል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ሐዋሳም ላይ ተጠንቀቁ። ማጥመድ ከዋና ጋር እንዲሆንላችሁ ከፈለጋችሁ ላንጋኖን ምረጡ።

አቢያታና ሻላ ስለሚቀርቡ "እዚያስ?" የሚለኝ ሰው አለ። ለወፍ ሂዱ። ለአሳ አይሆኑም። አቢያታ ውሃው እየሸሸና ጨውነቱ እየጨመረ ሄዶ አሳው ጠፍቷል። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች እንኳ ምግባቸውን ሌላ ሐይቅ ሄደው ነው የሚፈልጉት።

ስለ ፈቃድም አስቡ። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። አፈጻጸሙ በክልሎች ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመንጠቆ ለመዝናናትም ቢሆን የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የአጥማጆች ማኅበር ጠይቁ።

ሦስት ሌሊት ያለው

አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት አይሄዱም። አውሮፕላን አለ። እዚያ የሚታየው ነገር እስካሁን ባነሳኋቸው ቦታዎች አይገኝም። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥታችሁ የአዞ ገበያ የሚባለውን ዳርቻ ታያላችሁ። ትልልቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉማሬ አለ፣ ፔሊካን አለ። ገበያው ደግሞ የናይል ፐርች ነው። ይህ አሳ ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችል ዘር ነው። ሥጋው ነጭ፣ ወፍራም፣ እሾሁ ለመልቀም ቀላል ነው። ለመብላት ብቻ ብትጠይቁኝ ከቆሮሶም አስበልጠዋለሁ። የሚያሳዝነው ከመጠን በላይ ስለተጠመደ ትልቁ እየተመናመነ ነው። ክንድ የማይሞላ ናይል ፐርች ሲሸጥላችሁ አትግዙ፣ ገና ያልወለደ ነው።

ጫሞ ዳር ቆሞ መንጠቆ መጣል ግን በፍጹም። አዞው የሚጠብቀው ዳር ላይ ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ አጥማጆች ሞተዋል። ማየት ከጀልባ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ።

ጣና ደግሞ ለማወቅ ለሚጓጓ ሰው ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ውስጡ 15 የሚደርሱ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የቢልጫ ዘመድ አሳዎች አሉ። ከላይ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። አጥማጅ ጠጋ ብላችሁ አሳዩኝ በሉ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ አንዱ አፉ ወደ ላይ ይከፈታል፣ አንዱ ረጅምና ቀጭን ሆኖ አሳ አሳድዶ ይበላል። አፋቸው ጥርስ የለውም። ጥርስ ሳይኖረው አሳ የሚያድን አሳ! እንዲህ ዓይነት የአንድ ሐይቅ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ላይም ነበረ፣ አሁን ጠፍቷል። የቀረው የኛው ነው። ስለዚህ ጣና ስሄድ ደስታም ጭንቀትም ይሰማኛል።

ከነዚህ አሳዎች ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የዓመቱን ዘር ያፍሳል። በነዚያ ወራት እንቁላል የያዘ አሳ ከቀረበላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ያስባል። ጉዞውን ራሱን በተመለከተ፣ አማራ ክልል ውስጥ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ካለ ሰው አረጋግጡ። በየብስ ለመሄድ ካሰባችሁ በተለይ።

ቀዝቃዛ ወንዝና ዘንግ ለሚወድ ልምድ ላለው ሰው ባሌ አለ። ዲንሾ አካባቢ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ይገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ ጠዋቱ ውርጭ ነው። ፈቃዱን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትጠይቃላችሁ። ለጀማሪና ለልጅ አልመክረውም፣ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ራቅ መሄድ ለማይችል የትምህርት ቤት ክበብ ደግሞ ሰበታ ያለውን ብሔራዊ የአሳ ምርምር ማዕከል አስቡት። ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አሳ በኩሬ ሲረባ የሚታይበት ቦታ ነው። የመዝናኛ ሥፍራ ስላልሆነ ቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ለባልደረባዬ በመጨረሻ የመረጥኩላት ባቱን ነበር። ሁለት ልጆች አሏት፣ እሑድ ሥራ ትገባለች፣ ማደር አትችልም። ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነስተው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ነበሩ። መረብ ሲወርድ አዩ፣ ሾርባ ጠጡ፣ ቅርብ ለቅርብ በጀልባ ዞሩ፣ ነፋሱ ሲጀምር ወጡ። ሲመለሱ ትንሹ ልጅ "እኔ ግን አንድም አልያዝኩም" ብሎ አኩርፎ ነበር አሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትንንሽ መንጠቆና ክር ገዝቼ ሰጠኋት። ትሉን ከአትክልቱ ስር አርብ ማታ ይቆፍራሉ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ካደረ ጠዋት ጤነኛ ነው። ቢሾፍቱ ይሄዳሉ።